ነቀርሳ ያልሆነው እባጭ
በልጆች ላይ ስለሚታየው የጠጉር ሥር እጢና ስለ ልዩ ልዩ መልኮቹ

(በተማሪዎች ማኅበር የጤናና የሳይንስ ክበብ ስብሰባ ላይ የተነበበ ንግግር)



ከእኔ በፊት በዚህ ቦታ የቆሙት ጓደኞቼ ስለ ወባ፣ ስለ ሳንባ ነቀርሳና ስለ ንጹሕ ውኃ እጦት ተናግረዋል። እነዚህ ሁሉ ሕዝብን የሚጎዱ ትልልቅ ጉዳዮች ናቸው። የእኔ አርእስት ግን ትንሽ ነው፤ መጠኑም ብዙውን ጊዜ ከሽምብራ ወይም ከባቄላ ፍሬ አይበልጥም። ሰው አይገድልም፤ ከሰው ወደ ሰውም አይተላለፍም። ታዲያ ለምን መረጥኸው ብትሉኝ፣ ይህ ሰው የማይገድል ነገር በገዛ ቤተ ሰቤ ውስጥ ሁለት ዓመት ሙሉ እንቅልፍ ስለ ነሣ፣ አንዲት የምትታለብ ላም ስላሸጠና አንዲት ሕፃን ከትምህርት ቤት ስላስቀረ ነው። የጥፋቱም መነሻ እኔው ራሴ ስለ ነበርሁ፣ ነገሩን ሳልናገር ብቀር ሕሊናዬ ይወቅሰኛል።

ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ እንዲሉ፣ እኔም ታሪኩን ከመነሻው ልጀምር።

ታላቅ እኅቴ የምትኖረው ከአዲስ አበባ ርቃ በምትገኝ የገጠር ከተማ ነው። የስድስት ዓመት ልጅ የነበረችው ሴት ልጅዋ፣ ከግራ ጆሮዋ ፊት ለፊት ምስር የምታህል እባጭ አወጣች። እኅቴም ፎቶግራፍ አንሥታ በስልክ ላከችልኝና «ወንድምዬ፣ ይህ ምንድር ነው? አንተ ተምረሃልና ንገረኝ» አለችኝ። እኔ ያን ጊዜ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ነበርሁ። ስለ ንፍፊት ገና የተማርሁበት ሳምንት ስለ ነበረ፣ ያየሁት ሁሉ ንፍፊት ይመስለኝ ነበር። «እታለም፣ አትሥጊ፤ ንፍፊት ነው» አልኋት። ዓይኔ በቅጡ ሳያይ፣ እጄም ሳይነካ ስም ሰጠሁት። የቸኮለ አፍስሶ ለቀመ ይባላል፤ እኔ አፈሰስሁ፣ እኅቴ ደግሞ ሁለት ዓመት ስትለቅም ኖረች።

ከዚያ በኋላ የሆነውን በኋላ እመለስበታለሁ። አሁን እባጩ በእውነቱ ምን እንደ ነበረ ላስረዳ።

በአካላችን ላይ ያለው እያንዳንዱ ጠጉር የሚበቅልበት የራሱ ጉድጓድ አለው። በጉድጓዱም ግርጌ እንደ ሽንኩርት ራስ ወፈር ያለ ሥር ይገኛል። በዚህ ሥር ውስጥ ያሉት ሕዋሶች ይባዛሉ፤ የተባዙትም ወደ ላይ እየተገፉ፣ እየደረቁና እየጠነከሩ ሄደው ጠጉር ይሆናሉ። ይህን ጠጉር አስገኝ የሆነ ክፍል ሊቃውንቱ ማትሪክስ ይሉታል፤ ቃሉ በላቲን ማኅፀን ማለት ነው። አንዳንድ ጊዜ ከእነዚህ ሕዋሶች ጥቂቶቹ መንገዳቸውን ይስታሉ። ይባዛሉ፤ ጠጉር ለመሆንም ይነሣሉ፤ ነገር ግን ጠጉር ሆነው ሳይወጡ በቆዳው ውስጥ ክብ ሠርተው ይቀራሉ። የመካከለኞቹ ሕዋሶች ይሞታሉ፤ በሞቱትም ላይ ካልሲየም ይጠራቀምባቸውና ጠጠር ይሆናሉ። እንግዲህ ይህ እጢ ጠጉር ሊሆን ተነሥቶ ድንጋይ ሆኖ የቀረ ነገር ነው ለማለት ይቻላል። የዛሬው የሕክምና ስሙ ፒሎማትሪኮማ ነው።

ስሙም ቢሆን ዛሬ ካለበት የደረሰው በብዙ ስሕተት አልፎ ነው። በመጀመሪያ የገለጡት ማሌርብና ሸናንቴ የተባሉ ፈረንሳውያን እ.ኤ.አ. በ1880 ሲሆን፣ እነርሱ የመሰላቸው ከቆዳ የቅባት ዕጢ የሚነሣ ነበር። ስለዚህም በማሌርብ ስም «የሚጠጥር እጢ» እየተባለ ሲጠራ ኖረ። እ.ኤ.አ. በ1961 ፎርቢስና ሄልዊግ የተባሉ ሁለት የአሜሪካ ሐኪሞች 228 እንዲህ ያሉ እጢዎችን መርምረው፣ መነሻቸው የቅባት ዕጢ ሳይሆን የጠጉር ማትሪክስ መሆኑን በማስረዳት አዲስ ስም አወጡለት። ከ1880 እስከ 1961 ሰማንያ አንድ ዓመት ነው። ሊቃውንቱ በማይክሮስኮፕ እያዩ ለሰማንያ ዓመት ያህል የተሳሳተ ስም ይዘው ከቆዩ፣ እኔ በስልክ ፎቶግራፍ አይቼ መሳሳቴ አያስደንቅም ትሉኝ ይሆናል። ይሁን እንጂ እነርሱ ነክተው፣ ቆርጠውና መርምረው ነው የተሳሳቱ፤ እኔ ግን አንዱንም ሳላደርግ ነው።

አሁን ወደ መልኩ ልለፍ። በተለመደው መልኩ ይህ እጢ በአንድ ልጅ ላይ አንድ ብቻ ሆኖ ይወጣል። ከግማሽ የሚበልጠው በራስ፣ በፊትና በአንገት ላይ ነው፤ ቀጥሎ በክንድ ላይ ይታያል። ጠጉር በማይበቅልበት በመዳፍና በውስጥ እግር ላይ አይወጣም፤ ይህም ከየት እንደሚነሣ ስታውቁ የሚጠበቅ ነው። በልጅነትና በወጣትነት ይበዛል፤ በሴቶች ልጆችም ከወንዶች ጥቂት ከፍ ብሎ ይገኛል። ብዙውን ጊዜ ከግማሽ እስከ ሦስት ሳንቲሜትር ይሆናል። በዝግታ ያድጋል፤ ሲነኩት እንደ ጠጠር ደረቅ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜም አያምም።

ለእጅ የሚሰጣቸው ሦስት ምልክቶች አሉ። አንደኛ፣ እባጩ ከላዩ ካለው ቆዳ ጋር ተያይዟል፤ ከሥሩ ካለው ሥጋ ጋር ግን አልተያያዘም። ስለዚህ ቆዳውን ስትገፉት አብሮ ይሄዳል። ንፍፊት ግን ከቆዳው በታች ስለሚገኝ ቆዳው በላዩ ላይ ይንሸራተታል። ሁለተኛ፣ ቆዳውን በሁለት ጣት ወጥራችሁ ስትይዙት፣ እባጩ ድቡልቡል መሆኑ ይቀርና እንደ ተተከለ ድንኳን ጠርዝና ገጽታ ያለው ሆኖ ይታያል። ሦስተኛ፣ አንዱን ዳር በጣት ስትጫኑት ሌላው ዳር ከፍ ይላል፤ በሚዛናዊ እንጨት ጫፍና ጫፍ ተቀምጠው ልጆች እንደሚጫወቱት ማለት ነው። ለእነዚህ ሦስት ነገሮች ገንዘብ አያስፈልግም፤ መሣሪያም አያስፈልግም። የሚያስፈልገው የታጠበ እጅና ግማሽ ደቂቃ ትዕግሥት ብቻ ነው።

ነገር ግን የዛሬው ንግግሬ ዋና ፍሬ ያልተለመዱት መልኮቹ ናቸው። ይህ እጢ ልብስ መለዋወጥ የሚወድ ነው። በብዙ አገሮች በተደረጉ ጥናቶች፣ ሐኪሞች ከቀዶ ጥገና በፊት ስሙን በትክክል የጠሩት ከግማሽ ባነሰ ጊዜ ነው። ስለዚህ ልብሶቹን አንድ በአንድ ልቁጠርላችሁ።

የመጀመሪያው፣ የውኃ እበጥ የመሰለው ነው። በትከሻና በላይኛው ክንድ ላይ ሲወጣ፣ ከላዩ ያለው ቆዳ ፈሳሽ ይቋጥርና እሳት ያቃጠለው ወይም ጫማ የላጠው ቦታ ይመስላል። የሚያየው ሰው ቃጠሎ ወይም የነፍሳት ንክሻ ነው ብሎ ያልፈዋል። ጣቱን በፈሳሹ ውስጥ ጫን ያደረገ ሰው ግን ከሥሩ ጠጠር ያገኛል። ይህ የሚሆነው እጢው በአካባቢው ያሉትን የሊምፍ ቧንቧዎች ተጭኖ ፈሳሹ መውጫ ስለሚያጣ ነው ተብሎ ይታሰባል።

ሁለተኛው፣ ቆዳው የላላበትና የተጨማደደበት ዓይነት ነው። ከእጢው በላይ ያለው የቆዳ ጅማት ስለሚሳሳ፣ የሕፃኑ ቆዳ በዚያች ቦታ ብቻ እንደ ሽማግሌ ቆዳ ይሸበሸባል። ጠባሳ ነው ተብሎ ቸል ይባላል።

ሦስተኛው፣ ቆዳውን በስቶ የሚወጣው ነው። እባጩ ይቆስልና ከውስጡ እንደ ኖራ ያለ ነጭ ፍርፋሪ ይወጣል። በአገራችን ደግሞ አንገት ላይ ወጥቶ ቆስሎ የሚፈስ ነገር ሁሉ የንፍፊት ነቀርሳ መስሎ ስለሚታይ፣ ይህኛው ዓይነት በተለይ ያሳስታል። የሚወጣው መግል ነው ወይስ ጠጠር ያለው ፍርፋሪ? ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው።

አራተኛው፣ ቀለም ያለው ነው። ሰማያዊ ወይም ቀይ ሆኖ ሲታይ የደም ሥር እጢ ይመስላል። አንዳንድ ጊዜም ልጁ ወድቆ ወይም ተመትቶ በእጢው ውስጥ ደም ይፈስና፣ በዝግታ ያድግ የነበረው እባጭ በጥቂት ቀናት ውስጥ ያብጣል። በፍጥነት ያደገ እባጭ ሁሉንም ሰው ያስደነግጣል፤ ማስደንገጡም አግባብ ነው። እዚህ ላይ አንድ ነገር ላስገነዝብ። የመማሪያ መጻሕፍቶቻችን ሥዕሎች አብዛኛዎቹ የተነሡት ከነጭ ቆዳ ላይ ነው። «ቀይና ሰማያዊ» የሚለው ቃል በጠይምና በጥቁር ቆዳ ላይ እንደዚያ ጎልቶ አይታይም። ስለዚህ እኛ ከዓይናችን ይልቅ በእጃችን መታመን ይገባናል።

አምስተኛው፣ በቦታው የሚያሳስተው ነው። በዓይን ሽፋን ላይ ሲወጣ የሽፋኑ የቅባት ዕጢ ተደፍኖ የሚፈጥረውን እባጭ ይመስላል፤ በቅንድብ ላይ ሲወጣ ልጁ ይዞት የተወለደውን የቆዳ ከረጢት ይመስላል፤ ከጆሮ ፊት ሲወጣ የምራቅ ዕጢ እባጭ ወይም ንፍፊት ይመስላል። የእኅቴ ልጅ እባጭ የወጣው ከዚህ ከመጨረሻው ቦታ ነበር። በክንድም ላይ መርፌ በተወጋበት ወይም የክትባት ጠባሳ ባለበት ቦታ የወጣባቸው ልጆች በሕክምና ጽሑፎች ተመዝግበዋል። እንዲህ ሲሆን ወላጆች ክትባቱ በሽታ አመጣ ብለው እንዳያስቡ፣ ነገሩን በእርጋታ ማስረዳት ይገባል። የክትባት ጥቅም ከአንዲት የማትጎዳ ጠጠር ጋር አይመዛዘንምና።

ስድስተኛው፣ ግዙፉ ነው። ከአምስት ሳንቲሜትር የሚበልጥ ሆኖ የተገኘበት ጊዜ አለ።

ሰባተኛውና ከሁሉ ይልቅ ልብ ሊባል የሚገባው፣ በብዛት የሚወጣው ነው። አንድ ወይም ሁለት እባጭ ብቻውን አያሳስብም። አንድ ልጅ ብዙ ካወጣ ግን፣ በተለይም ቁጥሩ ስድስትና ከዚያ በላይ ሲደርስ፣ ሐኪሙ ከቆዳው አልፎ መላውን ልጅና መላውን ቤተ ሰብ መመልከት አለበት። እጁን ጨብጦ ለመልቀቅ የሚቸገርና ጡንቻው እየደከመ የሚሄድ ዘመድ አለው ወይ? በቤተ ሰቡ ውስጥ በወጣትነቱ በአንጀት ነቀርሳ የሞተ አለ ወይ? ልጅቱ ከእኩዮችዋ እጅግ አጭር ናት ወይ? የልጁ አውራ ጣቶች ከልክ በላይ ሰፊ ናቸው ወይ? እነዚህ ጥያቄዎች በየተራ ማዮቶኒክ ዲስትሮፊ ወደሚባለው የጡንቻ በሽታ፣ ጋርድነር ሲንድሮም ወደሚባለው የአንጀት በሽታ፣ ወደ ተርነር ሲንድሮምና ወደ ሩቢንስታይን ታይቢ ሲንድሮም ያመለክታሉ። እዚህ ላይ እባጩ ራሱ የማይጎዳ ሆኖ ሳለ፣ በቤት ውስጥ የተሸሸገውን ሌላ ነገር የሚጠቁም ደወል ይሆናል። ለምሳሌ የአንጀቱ በሽታ ቀድሞ ከታወቀ በክትትል ሕይወት ሊድን ይችላል።

ከጠጉር ሥር የሚነሡ ሌሎችም የማይጎዱ እጢዎች አሉ። በአፍንጫ ዙሪያና በጉንጭ ላይ በጉርምስና ጊዜ ተሰብስበው የሚወጡት ትናንሽ እባጮች ብጉር መስለው ለዓመታት ሳሙናና ቅባት ያስፈጃሉ። እናት ወይም አባትም ያላቸው ከሆነ፣ ሲወለድ አብሮ የሚወርድ ነገር መሆኑን መጠርጠር ነው። መካከሉ ቀዳዳ ኖሮት ከቀዳዳው ቀጫጭን ነጭ ጠጉር በጥቅል የሚወጣበትም ዓይነት አለ። ስለ እነዚህ ሰፊ ነገር መናገር ቢቻልም ሰዓቱ አይበቃኝምና ወደ ዋናው ጉዳዬ እመለሳለሁ።

መንሥኤውን በሚመለከት ጥቂት ልበል። በሕዋስ ውስጥ ቤታ ካቴኒን የሚባል ፕሮቲን አለ። ሥራው «ተባዙ፣ ጠጉር ሥሩ» የሚለውን ትእዛዝ ማድረስ ነው። ትእዛዙን ካደረሰ በኋላ ሕዋሱ ፕሮቲኑን ሰባብሮ ያጠፋዋል። እ.ኤ.አ. በ1998 በአሜሪካ ተመራማሪዎች ይህን የማይሰበር ሆኖ የተለወጠ ፕሮቲን በአይጥ ቆዳ ውስጥ ቢያኖሩት፣ አይጦቹ አዲስ የጠጉር ጉድጓዶችን አበቀሉ፤ እየቆዩም የጠጉር ሥር እጢ አወጡ። በማግሥቱ ዓመት በ1999 ደግሞ ከሰው የተወሰዱትን እጢዎች ቢመረምሩ፣ ከአራቱ ሦስት እጅ ያህሉ በዚሁ ፕሮቲን ጂን ላይ ስሕተት ይዘው ተገኙ። ነገሩ የትምህርት ቤት ደወል ተደውሎ ማቆም እንደ ማቃት ነው፤ ተማሪዎቹ ሁሉ ወደ ግቢው ይጎርፋሉ። የሚያስገርመው ግን፣ ይኸው ጂን ተበላሽቶ በጉበት ነቀርሳ ውስጥም ይገኛል። በዚያ ሰው ይገድላል፤ እዚህ ግን ሕዋሶቹ ጠጉር ወደ መሆን መንገድ ገብተው፣ ደርቀውና ሞተው ያበቃሉ። ይህ እጢ ወደ ነቀርሳ የተለወጠበት ጊዜ በጣም ጥቂት ሲሆን፣ እርሱም በአብዛኛው በዕድሜ በገፉ ሰዎች ላይ የታየ ነው።

አሁን ወደ እኅቴ ልጅ ታሪክ ልመለስ።

በእኔ ቃል ተማምና እኅቴ ልጅዋን ወደ ሕክምና ወሰደቻት። ስሙን የማልጠራው ያ የሕክምና ቤት «ንፍፊት ነው» የሚለውን ከእኅቴ አፍ ሰማ፤ እርስዋም ከእኔ አፍ ሰምታ ነበር። በመጀመሪያ የመግል መድኃኒት ተሰጣት፤ አልጠፋም። በአገራችን ከሳንባ ውጭ ከሚታየው ነቀርሳ ውስጥ የንፍፊቱ ድርሻ ብዙ ስለ ሆነ፣ ቀጥሎ የስድስት ወር የነቀርሳ መድኃኒት ተጀመረላት። ሳትስል፣ ሳታተኩስ፣ ሳትከሳ፣ ሌሊት ሳያልባት ስድስት ወር ሙሉ ክኒን ዋጠች። እባጩ ምስር የነበረው ሽምብራ ሆነ፤ እንደ ድንጋይም ጠነከረ። ጎረቤት መድኃኒት እምቢ ያለው ነቀርሳ ነው አለ። ልጅቱ ሙቀት በሌለበት ቀን ሳይቀር ነጠላ በራስዋ ላይ ጥላ መሄድ ጀመረች፤ በክፍልም አብራት የምትቀመጠው ልጅ ወደ ሌላ ወንበር ተዛወረች። በመጨረሻም ትምህርት ቤት አልሄድም አለች።

በኋላም በሌላ ቦታ በቀጭን መርፌ ከእባጩ ተወስዶ ተመረመረ። መልሱ «ነቀርሳ ሊሆን ይችላል» የሚል ሆኖ መጣ። ይህም ስሕተት ከየት እንደሚመጣ በሕክምና ጽሑፍ የታወቀ ነው። በእጢው ውስጥ ሁለት ዓይነት ሕዋሶች አሉ። በዳር ያሉት ወጣቶች፣ ጥቁርና የሚባዙ ናቸው። በመካከል ያሉት ሞተው ማዕከላቸው ባዶ የቀረ ስለ ሆነ ጥላ ሕዋስ ይባላሉ። ሁለቱ አብረው ሲታዩ መልሱ ግልጽ ነው። መርፌው ከዳሩ ብቻ ከወሰደ ግን፣ የሚባዙትን ወጣት ሕዋሶች ያየ ሰው ነቀርሳ ነው ብሎ ቢያስብ አይፈረድበትም። ምናልባት ማመልከቻው ላይ «የስምንት ዓመት ልጅ፣ ከቆዳ ጋር የተያያዘ፣ እንደ ጠጠር የደረቀ፣ ሁለት ዓመት የቆየ» ተብሎ ተጽፎ ቢሆን ኖሮ መልሱ ይለወጥ ነበር። የተጻፈው ግን «የአንገት እባጭ» የሚል ብቻ ነበር።

እኅቴ ላምዋን ሸጣ አዲስ አበባ መጣች። እኔም በአውቶቡስ ተራ ተቀበልኋቸው። ልጅቱ ነጠላዋን ሳታወልቅ «ጋሼ፣ ልሞት ነው እንዴ?» ብላ ጠየቀችኝ። መልስ አልነበረኝም።

በማግሥቱ ያዩዋት ሐኪም በዕድሜ የገፉ ሰው ነበሩ። ወረቀቱን ከማንበባቸው በፊት እጃቸውን ታጠቡ። ልጅቱን ከእናትዋ ጉልበት ሳያነሡ ነጠላዋን ራስዋ እንድታወልቅ ጠየቁአት። ቆዳዋን በሁለት ጣት ወጠሩት፤ አንዱን ዳር ተጫኑት። ከዚያም እኔን «ና፣ አንተም ንካ» አሉኝ። ነካሁት፤ ከቆዳው ጋር አብሮ ሄደ። ከሁለት ዓመት በፊት ንፍፊት ያልሁት ነገር ንፍፊት ሊሆን እንደማይችል በገዛ ጣቴ ተረዳሁ። በአልትራሳውንድ ሲታይም ከውስጡ ካልሲየም ስላለበት ከሥሩ ጥላ ጣለ። የፊት ነርቭ በዚያ አጠገብ ስለሚያልፍ ተጠንቅቀው ቀደዱና ሙሉውን አወጡት። የወጣውም ነገር ሳይጣል በፎርማሊን ተደርጎ ወደ ፓቶሎጂ ክፍል ተላከ። መልሱ ጥላ ሕዋሶችና ካልሲየም ያሉበት፣ የማይጎዳ የጠጉር ሥር እጢ የሚል ነበር።

ልጅቱ ዛሬ ሦስተኛ ክፍል ናት። ላሚቱ ግን አልተመለሰችም።

ስለ ሕክምናው ባጭሩ ልናገር። ይህ እጢ በክኒን አይጠፋም፤ በራሱም መሟሸሽ የተለመደ አይደለም። መድኃኒቱ ሙሉ በሙሉ ማውጣት ነው። ሙሉ ከወጣ ተመልሶ የሚበቅልበት ጊዜ ጥቂት ነው። ቢሆንም የእኛ አገር ሰው ቆዳ ከቁስል በኋላ ጠባሳው ከመጠን በላይ ሊያብጥ ስለሚችል፣ ይልቁንም በትከሻ፣ በደረትና በጆሮ አካባቢ፣ ይህ ለቤተ ሰቡ አስቀድሞ ሊነገር ይገባል። ትንሽ ሆኖ ሳለ ማውጣት ትንሽ ጠባሳ ስለሚተው፣ ዓመታት መጠበቅ አይመከርም። በጋለ ብረት መተኮስም ጠባሳ ከማብዛትና ቁስል ከማመርቀዝ በቀር ምንም ጥቅም የለውም።

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ ምን እንማራለን? እኔ በበኩሌ ሦስት ነገር ተምሬአለሁ።

አንደኛ፣ ከስም በፊት እጅ ይቅደም። ዛሬ ሁላችንም ስልክ ይዘናል፤ ዘመዶቻችንም ከየገጠሩ ፎቶግራፍ እየላኩ ይጠይቁናል። ገና ያልበሰለ ተማሪ የሚሰጠው መልስ በቤተ ሰቡ ዘንድ እንደ ታላቅ ሐኪም ቃል ይቆጠራል። ስለዚህ «አላውቅም፤ የሚነካው ሰው ይየው» ማለት ነውር አይደለም። እኔ ያን ጊዜ አላውቅም ብል ኖሮ፣ ምናልባት የሕክምና ቤቱ ሰው በራሱ እጅ ይመረምራት ነበር። እኔ የሰጠሁት ስም ግን ከእኔ ቀድሞ በየቦታው ደረሰ።

ሁለተኛ፣ ከሰው አካል የወጣ ነገር አይጣል። ትንሽ ነው፣ ቀላል ነው ተብሎ ወደ ባልዲ የሚጣል እባጭ ታሪኩ ሳይነበብ የተቀደደ ደብዳቤ ማለት ነው። የማይጎዳው መሆኑን የምናውቀው በማይክሮስኮፕ ከታየ ብቻ ነው፤ የሚጎዳውም የሚያዘው በዚሁ መንገድ ነው። ከላክንም ዕድሜውን፣ ቦታውን፣ የቆየበትን ጊዜና እጃችን ያገኘውን ሁሉ በማመልከቻው ላይ በሚነበብ ጽሕፈት እንጻፍ።

ሦስተኛ፣ ስለ ቋንቋችን ነው። በአማርኛ ነቀርሳ የሚለው ቃል ሁለት በሽታ ይዟል፤ አንዱ በስድስት ወር መድኃኒት የሚድነው የሳንባና የንፍፊት በሽታ ነው፤ ሁለተኛው ፈረንጆቹ ካንሰር የሚሉት ነው። እጢ የሚለው ቃልም እንዲሁ ነው፤ ምራቅና ላብ የሚያመነጨውን ጤነኛ የአካል ክፍልም፣ የሚጎዳውንም፣ የማይጎዳውንም እባጭ በአንድ ስም ይጠራል። ሐኪሙ «እጢ ነው» ሲል እናቲቱ «ልጅሽ ትሞታለች» ያላት ይመስላታል። እኅቴ ሁለት ዓመት ሙሉ የሰማቻቸው ቃላት እነዚህ ብቻ ነበሩ፤ እያንዳንዱም ከሚለው የሚበልጥ ፍርሃት አዝሎ መጣ። ስለዚህ እኛ የነገ ሐኪሞች ስሙን ከተናገርን በኋላ አንድ ዓረፍተ ነገር እንጨምር። በማይክሮስኮፕ ታይቶ መልሱ ሲረጋገጥ፣ «ይህ ጠጉር ሊሆን ሲል ጠጠር ሆኖ የቀረ ነው፤ አይዛመትም፤ ልጅሽ ከልጆች ጋር ትጫወት» ብንል፣ ቃሉ የሚወስደው ጊዜ ከአሥር ሴኮንድ አይበልጥም። ሽማግሌው ሐኪም ለእኅቴ የተናገሩት እንዲህ ያለ ቃል ነበር። እርስዋም በአውቶቡሱ ተሳፍራ ስትመለስ በመንገድ ላይ ላገኘችው ሁሉ ደገመችው። አሁን በሠፈርዋ የሰው ልጅ ፊት ላይ ጠጠር ሊበቅል እንደሚችል የማያውቅ ሰው የለም ትለኛለች።

ጓደኞቼ ሆይ፤ ትልልቆቹ በሽታዎች ትልቅ ዘመቻ ይፈልጋሉ፤ ለዚያም ዘመቻ ሁላችንም እንዘጋጃለን። ትንንሾቹ ግን የሚጠይቁን ትንሽ ነገር ነው፤ ጠጋ ብሎ መንካትና በሚገባ ቃል መንገር። ከዚህ አዳራሽ ስትወጡ ይህን የፒሎማትሪኮማን ረጅም ስም ብትረሱት አልቀየማችሁም። ቆዳውን መወጠሩንና ዳሩን መጫኑን ግን አትርሱብኝ።

ጥያቄ ያለው ካለ ለመመለስ ዝግጁ ነኝ፤ የማላውቀውንም አላውቅም ለማለት እንደዚሁ ዝግጁ ነኝ።